ለድመት ስኳር በሽታ፦ የሚወጋ ኢንሱሊን ወይስ የሚዋጥ መድኃኒት?

አሜሪካ ውስጥ ድመታችሁ ስኳር አለባት ከተባላችሁ፣ ሁለት መንገድ አለ።

ኢንሱሊን፦ በየ12 ሰዓቱ፣ ከቆዳ ሥር። መርፌው ቀጭን ነው፤ እየበላች ሳለ ቆዳዋን ሳብ አድርጎ መውጋት ቶሎ ይለመዳል። የሚያስፈራው ስኳሯ ከልክ በላይ መውረዱ ነው፤ ምግብ እምቢ ካለች ሐኪሟን ሳትጠይቁ እንዳትወጓት። ሲሪንጁም ከኢንሱሊኑ ጋር መግጠሙን እዩ፦ ዩ-40 ኢንሱሊን (በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው) ለዩ-100 (100 ዩኒት ላለው) በተሠራ ሲሪንጅ አይለካም።

የሚዋጠው፦ በቀን አንዴ። ቤክሳካት ክኒን ነው፣ በ2022 ተፈቀደ፤ ሴንቬልጎ ፈሳሽ፣ በ2023። ይቀላል፤ ነገር ግን የስኳር መለኪያው ደህና ቁጥር እያሳየ እንኳ ኬቶአሲዶሲስ (ሰውነቷ ስብ ሲያቃጥል ደሟ አሲድ የሚበዛበት ሁኔታ) ሊገድላት ይችላል። የደምና የሽንት ክትትሉ ወጪ አለው፣ አይዘለልም።

ኢንሱሊን ወስዳ ለምታውቅ ወይም ምግብ እምቢ ላለች፣ መርፌው። አዲስ ታማሚ ሆና ደህና ለምትበላ፣ ጉበትና ኩላሊቷም ተመርምሮ ጤነኛ ለሆነ፣ በተለይ ባለቤቷ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ፣ የሚዋጠው።