የሰርኪዩት ንድፍ ሶፍትዌር ምርጫ፦ የሌብል አቀማመጥ በኢግል፣ በኪካድና በአልቲየም

የሰርኪዩት ንድፍ ሶፍትዌር ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ዋጋን ነው፤ በዕለት ሥራ ላይ ግን እጅን የሚያፈጥነው ወይም የሚያስረው የሌብል፣ ማለትም በስዕሉ ላይ የመስመሩን (የሽቦውን) ስም የሚይዘው ጽሑፍ፣ አቀማመጥ ነው። አስቀድሞ መጣራት ያለበትም ሌብሉ ራሱ መስመሮችን ያገናኛል ወይስ የመስመሩን ስም ብቻ ያሳያል የሚለው ነው።

በኢግል ስሙ የመስመሩ ንብረት ነው። ስያሜው በ‹ኔም› ትእዛዝ ይሰጣል፤ ‹ሌብል› የተባለው መሣሪያ ያንኑ ስም ከማሳየት ያለፈ ሥራ ስለሌለው፣ ጽሑፉ ሲደራረብ ወደ ባዶ ቦታ ቢሳብ፣ ቢሰረዝም እንኳ፣ ግንኙነቱ አይነካም። ይህ ለንባብ ያመቻል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ትእዛዝ ያስፈልጋል። የሬዚስተርን ስምና ዋጋ ከምልክቱ ለይቶ ለማንቀሳቀስም ‹ስማሽ› ማድረግ ግድ ነው፣ ይህንንም ጀማሪ በራሱ ይደርስበታል ብዬ አልገምትም።

በኪካድና በአልቲየም ዲዛይነር በአንጻሩ የሌብሉ መያዣ ነጥብ ሽቦውን ካልነካ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢጠጋ፣ ስሙ ለሽቦው አይሰጠውም። ኪካድ ያልተያያዘ ሌብልን በትንሽ አራት ማዕዘን ያመለክታል፤ በ1.27 ሚሊሜትር ግሪድ (ሽቦና ሌብል በሚያርፉበት ፍርግርግ) ላይ የጸና ሰው ችግሩ እምብዛም አይገጥመውም።

ከ‹ዲ0› እስከ ‹ዲ7› ያሉ 8 የዳታ መስመሮችን መሰየም ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። በአልቲየም ከማስቀመጥ በፊት ‹ታብ› ተጭኖ ‹ዲ0› ከተጻፈ በኋላ በእያንዳንዱ ጠቅታ ቁጥሩ በራሱ ይጨምራል። በኪካድ አንዱን አስቀምጦ ‹ኢንሰርት› መጫን ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ በፍጥነት ግን አልቲየምን አስቀድማለሁ።

ንድፉ ከአንድ ገጽ ሲያልፍ ምርጫዬ ይገለበጣል። የኪካድ ተራ ሌብል ከገጹ አይወጣም፤ ለሌሎች ገጾች ግሎባል (በሁሉም ገጾች የሚሠራ) ወይም ሃይራርኪካል (ከበላይ ገጽ ጋር የሚያገናኝ) ሌብል ያስፈልጋል፣ ቅርጻቸውም ስለሚለያይ የስሙ ወሰን በዓይን ይነበባል። በአልቲየም ይህን የሚወስነው የፕሮጀክቱ ቅንብር በመሆኑ ስዕሉን ብቻ አይቶ ማወቅ ያዳግታል።

ኪካድ ነፃ ነው፤ የአልቲየምን ክፍያ ለሌብል ፍጥነት ብቻ ማውጣት አያዋጣም። የኢግል ባለቤት አውቶዴስክ ኢግልን ለብቻው ማቅረብ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2026 እንደሚያቆም ስላስታወቀ አዲስ ገዢ ባይጀምረው ይሻላል፤ የቆዩ የኢግል ፕሮጀክቶች ያሉት ሰው ደግሞ ኪካድ ከ2018ቱ 5ኛ ዕትም ጀምሮ ሊያስገባቸው ስለሚችል፣ አንዱን አስገብቶ ሌብሎቹ የት እንዳረፉ ቢያይ ይበጀዋል።