የተበላሸ ግድግዳ በጂፕሰም ቦርድ ሲለብስ፦ ከወራት በኋላ ያየሁት

የሳሎናችን ግድግዳ ልስኑ በየቦታው ለቆ፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ቱንቢ ሲጣልበትም መሀሉ ወጣ ብሏል። ጂፕሰም ቦርድን፣ ማለትም በወረቀት የተለበጠውን የጂፕሰም ሰሌዳ፣ በማጣበቂያ ቀጥታ መለጠፍ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ጠንካራ ግድግዳ ይፈልጋል። የኛ ስለሚፈረፈር በብረት ፍሬም ላይ 12.5 ሚሊሜትር ቦርድ አስመታን። አንድ የዝናብ ወቅት አልፎበታል።

ግድግዳው ቀጥ ማለቱ እስካሁን ያስደስተኛል። የመስኮቱ ብርሃን ከጎን ሲመታው እንኳ መገጣጠሚያዎቹ አይታዩም፤ ከበሩ ማዕዘን በላይ ካለችው ፀጉር መሳይ ስንጥቅ በቀር። በር ሲዘጋ ንቅናቄው እዚያ ያርፋል። ቦርዱ በማዕዘኑ ዙሪያ በL ቅርፅ ተቆርጦ ሳይቋረጥ ማለፍ ነበረበት፤ ሠራተኛው ግን መገጣጠሚያውን ልክ እዚያው አሳረፈው። እናንተም ብታሠሩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ።

እርጥበትን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ ቦርድ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። የቦርዱ ፊት ወረቀት ስለሆነ ለሻጋታ ይመቻል፤ እርጥበት ላለበት ቦታ የሚሸጠው አረንጓዴ ቦርድም ቢሆን እርጥበት ይቋቋማል እንጂ ውሃ አይመልስም። እኛ የሚያፈሰውን አሸንዳ አስጠግነን፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቀን ነው የዘጋነው፤ ሽታም ሆነ ነጠብጣብ አላየሁም። ከወለሉ ደግሞ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተመቷል፤ ክፍተቱን በግድግዳው ግርጌ የሚሄደው ዞኮሎ ይሸፍነዋል፤ ወለል ሲወለወል ውሃ አይመጥም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዕቃ መስቀል ነው። ተራ ፊሸር፣ ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ እዚያ ውስጥ ዋጋ የለውም። ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ቦታ ከመዘጋቱ በፊት ከጀርባው ወፍራም ጣውላ አስገብተናል፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያ ሲያምረን ግን ፍሬሙን መፈለግ ግድ ሆነ፤ ትንሽ ማግኔት ግድግዳው ላይ ስታንሸራትቱ ብሎኖቹ ይይዟታል፣ ከአንዱ ቋሚ ብረት እስከ ቀጣዩ 60 ሴንቲሜትር ነው። እንግዳ ሁሉ ሲገባ ማንኳኳት መውደዱን ደግሞ ለምጄዋለሁ።

በውስጡ የተሞላው የድንጋይ ሱፍ የመንገዱን ጫጫታ አለዝቦታል፣ አላጠፋውም። የወንበር ጀርባ ያጎደጎደውን ቦታ በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቀባሁት፤ ቀላል ሥራ ነው።

ቀጥሎ መኝታ ቤቱን እናስለብሳለን። ኮሪደሩን ግን አልነካውም፤ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሰባት ሰባት ሴንቲሜትር ከተወሰደበት ፍሪጅ አያሳልፍም።