በደብረ ብርሃን ውርጭ የጦስኝ ሻይ የሚጠጣበት ቤት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥልባታል። በዚህ ወቅት ደንበኛው የሚበዛ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ አነስተኛ ሻይ ቤት፣ ከተለመደው ሻይ በተጨማሪ ጦስኝ፣ ዝንጅብልና «ልዩ» ብሎ የሰየመውን ቅልቅል ያቀርባል።

ከሁሉም የሚመሰገነው የጦስኝ ሻዩ ነው። ጦስኙ ከመንዝ ደጋ የሚመጣ ሲሆን፣ ባለቤቲቱ በጥላ ካደረቁት በኋላ ውኃው ሲፈላ ጨምረውበት፣ ማንቆርቆሪያውን ወዲያው ከድነው ከእሳት ያወርዱታል። ብዙ ቤቶች ቅጠሉን ከውኃው ጋር ክፍቱን ያንተከትካሉ፤ ለጦስኝ መዓዛውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል ከእንፋሎት ጋር የሚተኑ በመሆናቸው፣ እንዲህ የተፈላው ሻይ ቀለም እንጂ ሽታ አይቀርለትም። እዚህ ግን ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ መዓዛው ቀድሞ ይደርሳል። ያለ ስኳር ቢጠጣ ይመረጣል፤ አስቀድሞ ያልተናገረ ሰው ግን ሽሮፕ የመሰለ ሻይ ይቀርብለታል።

ዝንጅብሉ ትኩስ ተወቅጦ የሚፈላ ስለሆነ በደንብ ያቃጥላል፤ ከዚያ በላይ የሚባልለት ነገር የለም።

«ልዩ» የተባለው፣ በዋጋው ከሁሉም የሚበልጠው ቅልቅል ግን አላረካኝም። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ማር በአንድነት ስለሚፈሉ ነጭ ሽንኩርቱ ሌሎቹን ሁሉ ይውጣቸዋል። በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በመፍላት ስለሚቀንስ፣ ጥሩ ማርም ሲፈላ መዓዛውን ስለሚያጣ፣ ሁለቱ ሻዩ ለብ ካለ በኋላ ቢጨመሩ ይሻል ነበር።

በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይህ ቅልቅል «የበሽታ መከላከያ አቅምን ይገነባል፤ ጉንፋንን ያስቀራል» ይላል። ትኩስ መጠጥ የከረከረ ጉሮሮን ማለስለሱ፣ ማርም ሳልን ማስታገሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሻይ መጠጣት በጉንፋን ቫይረስ ከመያዝ ያድናል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ይልቁንም ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ እንደማይሰጥ ቢጻፍበት ለእናቶች ይጠቅም ነበር፤ ልጅ ታቅፈው ለሕፃኑ በማንኪያ የሚያቀምሱ አይቻለሁና። የደም ማነስ ያለበት ሰውም፣ ጥቁር ሻይ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንስ፣ ከምሳው ጋር ባያዝዘው ይመከራል።

ጦስኙ ጠዋት ትኩስ ይፈላል፤ ከቀትር በኋላ የሚሄድ ሰው ግን የጠዋቱ ተሞቆ እንዳይቀርብለት አዲስ እንዲፈላለት ይጠይቅ፤ ሲጠየቁ ያለ ማጉረምረም ያፈላሉ።