«ዝቅተኛ ውሃ ዋስትና አለን» ለሚል የዓሣ ማጥመድ ጋይድ (መሪ) ቀብድ እንዳትከፍሉ

ዳላስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ለማጥመድ ወደ አርካንሳሱ ዋይት ሪቨር ወንዝ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ፓኬጅ አለ። ከቡል ሾልስ ግድብ በታች ወንዙ ውስጥ ቆማችሁ በፍላይ (ነፍሳት በሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ታጠምዳላችሁ ይላል። ቆሞ ማጥመድ የሚቻለው ደግሞ ውሃው ዝቅ ሲል ነው። ቀኑን ከወር በፊት ቆርጦ «ዝቅተኛ ውሃ ዋስትና አለን» ብሎ ይጨምራል። ክፍያው ቅድሚያ ነው፣ ተመላሽ የለውም።

እኔና ጓደኞቼ ከፍለን፣ ሌሊቱን ነድተን ደረስን። ግድቡ ውሃ እየለቀቀ ነበር። የዳሩ ቁጥቋጦ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፣ ቅርንጫፎቹ በውሃው ጉልበት ይንቀጠቀጣሉ። ጋይዱ ጀልባ እንኳ የለውም። «ግድቡን የምከፍተው እኔ አይደለሁም» አለን። እውነቱን ነው። ታዲያ በእጁ የሌለውን ነገር ለምን ሸጠልን? በጣም ነው ያናደደኝ።

ግድቡ በ1951 ነው ያለቀው። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ሲሆን 8 ጄኔሬተሮች አሉት። ትራውት በዚያ ሞቃት አገር የሚኖረው ውሃው ከግድቡ ኋላ ካለው ሐይቅ ጥልቀት ቀዝቅዞ ስለሚወጣ ነው። ግን ያው ውሃ የሚለቀቀው የመብራት ፍላጎት ሲጨምር ነው። በበጋ ከሰዓት ሁሉም ኤሲውን ሲከፍት ተርባይኖቹ ይነሳሉ፣ ወንዙም በሜትር ይሞላል። የመልቀቂያው መርሐ ግብር የሚወጣው ለቅርብ ቀናት ብቻ ነው፤ እሱም በመሃል ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ከወር በፊት ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ግድቡ ጋ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል፣ ወደ ታች ርቃችሁ ከሆነ ግን አይደርሳችሁም። ውሃው እናንተ ጋ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጉ። ድንጋዩ መሸፈን ከጀመረ፣ ዓሣ መንጠቆው ላይ ቢኖርም ውጡ። ውሃው በረዶ ነው፣ እስከ ደረት የሚለበሰው የጎማ ሱሪ ከሞላ ደግሞ ሰው ያሰምጣል።

ጋይድ ስትይዙ የአርካንሳስ ጌም ኤንድ ፊሽ ኮሚሽን (የግዛቱ የአደንና የዓሣ መሥሪያ ቤት) የጋይድ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ፈቃድ ያለው ሰው ሲጠየቅ አይከፋም። ውሃ ቢለቀቅ በጀልባ ይወስዳችኋል ወይስ ቀን ይቀይራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል ያለ ይረሳል። የእናንተ የማጥመጃ ፈቃድና የትራውት ፈቃድ ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ጠይቁ፤ እኛ እዚያ ደርሰን ነው «ለየብቻ ነው» የተባልነው።

በዜል (ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ በሚልከው አገልግሎት) አትክፈሉ። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ለባንካችሁ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ቀድማችሁ ከፍላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ማስታወቂያው ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሱት።