ደብረ ማርቆስ ላለው ተርጓሚያችን፣ እግዜር ይስጥልን

የእህቴ ልጅ ብቻውን እንግሊዝ ከገባ ጀምሮ እናቱ እንቅልፍ አልነበራትም። አሁን ትንሽ ቀና ብላለች። ለዚህ ያበቃን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ሰነድ የሚተረጉም አንድ ወጣት ነው። ስሜን አታንሱ ስላለኝ አላነሳም፤ ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ልናገር።

እዚያ አገር ብቻውን የደረሰ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በካውንስሉ፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር እጅ ነው። እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት ሕግ ያስገድደዋል። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ ይገባሉ። 16 እና 17 የሞላቸው ደግሞ ደጋፊ ሠራተኛ ያለበት የጋራ ቤት ሊሰጣቸው ይችላል። ጉዳያቸውን የሚከታተል ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ)ም ይመደብላቸዋል። 18 ሲሞላቸው እንኳ ሜዳ ላይ አይጣሉም፤ የሚከታተላቸው አማካሪ እስከ 25 ዓመታቸው ሊቆይ ይችላል። አዋቂ ነህ የተባለ ግን ሆም ኦፊስ (የአገሪቱ የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) በሚሰጠው ማረፊያ፣ ከማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር ነው የሚያድረው።

የኛ ልጅ የ2001 ዓ.ም. መስከረም ልጅ ነው። ሲጠየቅ 2001 አለ። መዝጋቢው በፈረንጅ አቆጣጠር ያዘው። በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ተጫነበት፤ ጺም እንኳ ያላወጣ ልጅ ከጎልማሶች ጋር አደረ። ጠበቃው የትምህርት ቤትና የክርስትና ማስረጃ ላኩ አለን።

ተርጓሚው ወረቀቱን ገና ሲያየው፣ «እትዬ፣ ይሄ ቀን እንዲሁ ከሄደ ልጁን ይጎዳዋል» አለኝ። የኛን ቀን እንዳለ ትቶ 2008ን ከጎኑ ጻፈ። ከግርጌው ደግሞ የሁለቱን አቆጣጠር ልዩነት በሁለት መስመር አስረዳ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዝዞ ነበር። «ሄደው እንደገና ያስመቱ፣ እጠብቅዎታለሁ» ብሎ መለሰኝ። ከምሳ ሰዓቱ ላይ ቀንሶ ጠበቀኝ፤ ተጨማሪ ሳንቲምም አልጠየቀ።

ካውንስሉ የልጁን ቃል ሰምቶ፣ ወረቀቶቹንም አይቶ ልጅነቱን ተቀበለ። ዛሬ የራሱ ክፍል አለው። ባለፈው ሳምንት በጋራው ወጥ ቤት ሽሮ ሲያማስል ለእናቱ በቪዲዮ አሳያት። ሽሮው ቀጥኗል ብላ ተቆጣችው!

ጎጃም ውስጥ ልጅ የተሰደደበት ቤት ብዙ ነው። ወረቀት ከመላካችሁ በፊት ይህን ሰው ፈልጉት። ዋናውን ሰነድ ይዛችሁ ሂዱ፣ በፎቶ ኮፒ አይሠራም። ዕድሜ ቀንስልኝ የሚል ግን ባይደክም ይሻላል፤ ዓይኔ እያየ አንዱን መልሶታል። በገበያ ቀን ወረፋው ስለሚበዛ በጠዋት ድረሱ።