የአኪሊስ የተረከዝ አልትራሳውንድ፦ ለማጣሪያ ይበጃል፣ ለክትትል አይሆንም

የጂኢ ሉናር አኪሊስ የአጥንትን ጥንካሬ ተረከዝ ላይ በአልትራሳውንድ የሚለካ መሣሪያ ነው። ከዴክሳ (የአጥንትን እፍጋት በኤክስሬይ ከሚለካው ምርመራ) በተለየ ጨረር የለውም፣ ለብቻው ክፍልም አይፈልግም፤ ልኬቱም ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ተረከዝ የተመረጠው ከ90 በመቶ በላይ ስፖንጅ መሰል አጥንት ስለሆነ ነው፤ የአጥንት መሳሳት ቶሎ የሚጎዳው ይህን ዓይነቱን ነው።

መሣሪያው የሞገዱን ፍጥነት (ኤስኦኤስ) እና መዳከም (ቢዩኤ) ለክቶ አንድ ነጥብ ያወጣል፦ 0.67 × ቢዩኤ + 0.28 × ኤስኦኤስ − 420። ቢዩኤ 110፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1540 ሜትር ከሆነ ነጥቡ 85 ገደማ ነው።

የሚያሳስተው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን የእግሩ አዘገጃጀት ነው። አልትራሳውንድ አየር አያልፍም። ስለዚህ ቅባትና ሎሽን በደንብ ይጠረግ፤ የተረከዙ ሁለት ጎኖችና ውሃ የሞላቸው ሽፋኖች 70 በመቶ አልኮል ይረጩ፤ አረፋ ካለ በእጅ ታሽቶ ይውጣ። የጣት መያዣው በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ይግባ፣ ባቱ ድጋፉ ላይ ይረፍ፣ ጉልበቱም ወደ ጎን አይዘንበል። ከብርድ የገባ ሰው እግሩ እስኪሞቅ ይቆይ፦ የመቅኔው ስብ ሲቀዘቅዝ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፣ አጥንቱም ደህና መስሎ ይታያል። ፍጥነቱ በ10 ሜትር ብቻ ቢጨምር ነጥቡ በ2.8 ያድጋል። ያበጠ እግር አይለካ፤ ቀድሞ የተሰበረ ከሆነም ሌላኛውን ይለኩ።

ትልቁ ቅሬታችን ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ቲ ስኮር (ውጤቱ ከጤናማ ወጣቶች አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር) ነው። የዓለም ጤና ድርጅት −2.5 ብሎ ያስቀመጠው ወሰን ለዴክሳ እንጂ ለተረከዝ አልትራሳውንድ አይሠራም። እንደ ሆሎጂክ ሳሃራ ካለ ሌላ ማሽን ጋርም ቁጥሩን ማነጻጸር ዋጋ የለውም። ከማረጥ በኋላ ላሉ ሴቶችና ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች የስብራት ስጋትን ያመለክታል፤ ዝቅተኛ ውጤት የወጣለት ሰው ወደ ዴክሳ ይላክ። መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን በዚህ መከታተል ግን ከንቱ ነው፦ ተረከዝ በሕክምና የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ ለውጡ በልኬት ስህተቱ ይዋጣል።

የሚገዛ ክሊኒክ ትርፍ ሽፋንና የመፈተሻ ፋንተም (ልኬቱ አስቀድሞ የታወቀ የተረከዝ ምትክ) አብሮ ይጠይቅ። ፋንተሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየቀኑ ይለካ፤ ንባቡ ከተፈቀደው ወሰን ከወጣ ሽፋኑ ማፍሰሱንና ውስጡ አየር መግባቱን ይመልከቱ፤ እስኪስተካከልም ታካሚ አያስገቡ።