«ሌዘሩ ታድሷል» ተብለው ስለሚሸጡ አሮጌ የሲዲ ማጫወቻዎች ለገዢዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ያገለገለ የሲዲ ማጫወቻ ለመግዛት ወይም በእጃችሁ ያለውን ለማስጠገን የምታስቡ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ተብለው ከሚቀርቡት መሣሪያዎች መካከል አንዳንዶቹ ምንም ዕድሳት ያልተደረገላቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ የነበራቸው ጥቂት ቀሪ ዕድሜም ለሽያጩ ዕለት ሲባል እንዲያልቅ የተደረገባቸው ናቸው። ሻጩ የደከመውን ሌዘር በአዲስ አይቀይረውም፤ በሌዘሩ ክፍል ላይ የምትገኘውን አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ አዙሮ ወደ ሌዘሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከፍ ያደርገዋል። መሣሪያው በገዢው ፊት ያለ እንከን ይጫወታል፤ ቤት ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን መጀመሪያ መዝለል፣ ቀጥሎም «ዲስክ የለም» የሚል ምልክት ማሳየት ይጀምራል።

ይህ ለምን እንደሚሆን መረዳት ከማታለሉ ለመጠበቅ ይረዳል። የሲዲ ማጫወቻ 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ ዓይን የማያየውን የሌዘር ብርሃን በሌንስ አማካኝነት በዲስኩ ላይ ያሳርፋል። በዲስኩ ላይ ድምፁ የተቀረጸባቸው መስመሮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ1.6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ትናንሽ ዳሳሾች (ብርሃንን የሚለዩ ክፍሎች) ተቀብለው ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጡታል። የሌዘሩ ዳዮድ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያመነጨው ክፍል፣ በዕድሜ ሲደክም ያንኑ ያህል ብርሃን ለመስጠት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ከጎኑ ያለ የመቆጣጠሪያ ዳሳሽ የብርሃኑን መጠን እየለካ ጭማሪውን ራሱ ያስተካክላል። ብሎኗ በፋብሪካ የተስተካከለችው ይህ መቆጣጠሪያ የሚጠብቀውን የብርሃን ልክ ለመወሰን ነው። እርሷን ማዞር ማለት የደከመ ዳዮድ ከአቅሙ በላይ እንዲያበራ ማስገደድ ስለሆነ፣ ዳዮዱ ይግላል፣ ይጎዳል፤ በመጨረሻም እንደ ሌዘር መሥራቱን ትቶ ዲስክ ሊያነብ የማይችል ደካማ ብርሃን ብቻ ይሰጣል።

ማስረጃው ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በበርካታ የሶኒ ሌዘር ክፍሎች ላይ በተለጠፈው ትንሽ ወረቀት የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ክፍሉ አዲስ ሳለ ይወስድ የነበረውን ኤሌክትሪክ ያመለክታሉ፤ 452 ከተባለ 45.2 ሚሊአምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ማለት ነው። ባለሙያው በሌዘሩ መስመር ላይ ባለው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ክፍል) ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለክቶ ለሬዚስተሩ የኦም መጠን ያካፍለዋል፤ ሬዚስተሩ 22 ኦም ከሆነና 1 ቮልት ከተነበበ ውጤቱ 45 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። «ሌዘሩ ታድሷል» ተብሎ በተሸጠልኝ መሣሪያ ላይ ወረቀቱ ከ45 ሚሊአምፔር እምብዛም ያልራቀ ቁጥር እያሳየ ልኬቱ ግን ወደ 70 ይጠጋ ነበር፤ የብሎኗም ጫፍ በካቻቢቴ ተጫጭሯል። በወረቀቱ ከተጻፈው በ10 በመቶ ያህል ሲበልጥ ክፍሉ እንደ ደከመ በሚቆጠርበት ሥራ፣ ይህን ያህል ልዩነት ይዞ «ታድሷል» ማለት ገዢን ማታለል ነው። ሻጩ ይህን አላውቅም ነበር ሊል አይችልም፤ ብሎኗ ራሷን አታዞርምና።

ሁለተኛው ማታለል የሚያጋጥመው ለጥገና የሚሄዱ ሰዎችን ነው። መሣሪያው ገና ሳይከፈት «ሌዘሩ ሞቷል» ተብሎ ትልቁ ወጪ ይጠየቃል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። መሳቢያው አልከፈት ወይም አልዘጋ የሚለው በአብዛኛው የላስቲክ ቺንጊያው ረግቦ ወይም ደርቆ ነው፤ ይህ ከሌዘሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሌንሱ ላይ የተቀመጠ አቧራና የጭስ ቅባት ማንበብን ያዳክማል፤ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ለስላሳ ጥጥ ቀስ ተብሎ ይጸዳል፤ ብዙዎቹ ሌንሶች ፕላስቲክ ስለሆኑ አሴቶን ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም።

ዲስክ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው፤ ፍጥነቱም መሐል ላይ በደቂቃ 500 ዙር ገደማ ሆኖ ይጀምርና ጠርዙ ላይ ወደ 200 ይወርዳል። ስለዚህ ብልሽቱ የሚታይበት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ሲያስቸግሩና የኋለኞቹ በደህና ሲጫወቱ፣ ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር አርጅቶ የሚፈለገውን ከፍተኛ ፍጥነት መስጠት እንዳቃተው መጠርጠር ይገባል። በተቃራኒው መሐሉ በደህና ተነቦ ወደ ጠርዝ ሲጠጋ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋግም ከሆነ፣ የሌዘሩ ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያለው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን ጠርጎ አዲስ መቀባት በቂ ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚከሰት ብልሽት ደግሞ ወደ ተሰነጠቀ ብየዳ ወይም ወደ ደረቀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክን ለጊዜው የሚያከማች ትንሽ ክፍል) ያመለክታል። እነዚህን ሳይፈትሽ ሌዘር ልቀይር የሚል ጠጋኝ ሥራውን አልጀመረም፤ ተቀምጦ ገምቷል።

ሌዘሩ በእርግጥ መቀየር ካለበት ሌላ አደጋ ይጠብቃል። የብዙ አሮጌ ሞዴሎች የሌዘር ክፍል ምርት በመቋረጡ ገበያው በቅጂዎች ተሞልቷል፤ ጥራታቸውም ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ ይለያያል። የተቀየረው ክፍል የመጀመሪያው አምራች ሥራ ይሁን ወይም ቅጂ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ አሮጌውንም ክፍል ተቀበሉ። በተጨማሪም ብዙ አዳዲስ ክፍሎች በስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዱ ሁለት ነጥቦቻቸው በትንሽ የብየዳ ጠብታ ተገናኝተው ይመጣሉ፤ ጠብታው ክፍሉ ከተገጠመ በኋላ መነሳት አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ክፍል «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

ለመግዛት ስትሄዱ ሻጩ ባዘጋጀው ዲስክ ብቻ አትርኩ። በፋብሪካ የታተመ አዲስ ዲስክ ብርሃንን በደንብ ስለሚያንጸባርቅ የደከመ ሌዘርም ሊያነበው ይችላል። ከ70 ደቂቃ በላይ የሚሄድ የታተመ ዲስክና በኮምፒዩተር የተቀረጸ አንድ ሲዲ-አር ይዛችሁ ሂዱ። ተደምስሶ የሚቀረጸውን ዓይነት፣ ማለትም ሲዲ-አርደብሊውን፣ ለፈተና አትጠቀሙ፤ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጤናማ የሆነ አሮጌ ማጫወቻም ላያነበው ይችላል፤ በዚያ ሻጩን መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ከመጀመሪያው ዘፈን ወደ መጨረሻው በአንድ ጊዜ አዝልሉት፤ ወዲያው መልሱት፤ ከዚያም መሣሪያው ለአንድ ሰዓት ያህል ተጫውቶ ከሞቀ በኋላ ይህንኑ ድገሙት። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ የሌዘሩን ወረቀትና ብሎኗን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ይህን የሚያደርገው መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሳለ ይሁን፤ ብርሃኑ ባይታይም ዓይንን ስለሚጎዳ በሥራ ላይ ያለን ሌንስ ማንም በቅርብ አይመልከት።

ስለ ዋስትናም አንድ ነገር ልጨምር። በጣም አጭር ዋስትና፣ በተለይም «ሌዘሩን አይጨምርም» የሚል፣ ብሎኑ የዞረበት መሣሪያ እስኪወድቅ ድረስ ያለውን ጊዜ ለማሳለፍ የተሰላ ሊሆን ይችላል። ሌዘሩ በስም ተጠቅሶ ለወራት የሚቆይ የጽሑፍ ዋስትና የማይሰጥ ሻጭ ስለ ሌዘሩ የተናገረውን ራሱም አያምንበትም፤ ዋጋውም የታደሰ መሣሪያ ዋጋ ሳይሆን ለመለዋወጫ የሚሸጥ መሣሪያ ዋጋ ሊሆን ይገባዋል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ብሎኗን በግምት ወደ ኋላ አታዙሩ፤ የተጎዳ ዳዮድ በዚያ አይድንም፤ ማስረጃውም ይጠፋል። ይልቁንም መሣሪያውን ማጫወት አቁሙና ከሽያጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ባለሙያ ኤሌክትሪኩን እንዲለካ አድርጉ፤ የወረቀቱን ቁጥርና የልኬቱን ውጤት በአንድ ላይ ፎቶ አንሱ። ይህን ከማስታወቂያው ጽሑፍና ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ ገንዘባችሁ እንዲመለስ ለሻጩ በጽሑፍ አመልክቱ።